«ምንም የለውም» የተባለው ጠመንጃ

ኮሌጅ ከጨረስኩ ሦስተኛ ወር ሆኖኛል። ሥራ የለኝም። ሪሴሽኑ ገና ትኩስ ነው። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፔን ከፍቼ ለማይመልሱልኝ ካምፓኒዎች ሬዝሜ እልካለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቤቱን ስልክ ሁሉ የምደውለው እኔ ነኝ። የእናቴን ኢንሹራንስ፣ የአባቴን መኪና፣ አንዳንዴ የጎረቤቶቻችንን ኢሚግሬሽን ሳይቀር። «አንቺ ቤት አይደለሽ እንዴ» ይሉኛል። አዎ፣ ቤት ነኝ። ዲግሪዬም ቤት ነው።

የጠመንጃው ጉዳይም እንደዚሁ ነው እኔ ላይ የወደቀው።

አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። የምንኖረው ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ ነው፤ ከቤት ወደ ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። አብሮት የሚሠራ አንድ የቴክሳስ ሰው ከማኪኒ ከተማ ወዲያ መሬት አለው። የዱር አሳማ መሬቱን እየቆፈረ አስቸግሮት «ና አብረን እንግደል» አለው። አባቴ ጎጃም ገጠር ነው ያደገው፤ ጠመንጃ አውቃለሁ ይላል፣ ያውቃልም። ሄዶ ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ርካሹን ገዛ። ከመሃሉ እጥፍ ብሎ ይከፈታል፣ አንድ ጥይት ይገባበታል፣ ይዘጋል፣ ይተኮሳል። በቃ፣ አንድ ብቻ።

«የማትበላውን አሳማ ምን ያስገድልሃል?» አለችው እናቴ።

«ሰው ልረዳ ነው እኮ።»

«እኔን ርዳኝ። ቆሻሻው ሁለት ቀኑ ነው።»

ቅዳሜ ሄዶ ከጠበቅነው ሰዓት ቀድሞ ተመለሰ፣ ፊቱን አጥቁሮ። ሦስት ጊዜ ደህና ተኮሰ። በአራተኛው ቃታውን ሲስበው ቀጭ ብሎ ቀረ። ከዚያ ልክፈተው ቢል ጠመንጃው አልከፈትም አለ። እሱም ታገለ፣ የቴክሳሱም ሰውዬ ታገለ፣ ወይ ፍንክች። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣውና ክሎዜት ውስጥ ከካፖርቶቹ ኋላ አቆመው። «ከሸፈ» አለን። እናቴ ክሎዜቱን እያየች አማተበች። እኔ ብዙም አልሰማሁትም፤ ኢንተርቪው ይጠሩኝ ይሆን እያልኩ ኢሜይሌን በየአምስት ደቂቃው ቼክ እያደረኩ ነበር።

ሰኞ ዕለት የዋራንቲውን ወረቀት አምጥቶ ኪቦርዴ ላይ አስቀመጠው። «ኮል አድርጊላቸው።»

አርባ ደቂቃ ሆልድ ላይ ቆየሁ። ሆልድ ላይ መቆየት ያሳብደኛል። ያው አንድ ሙዚቃ ይሄድና ልክ ሰው የሚያነሳ ሲመስል ይቋረጣል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። አባቴ አጠገቤ የሥራ ሸሚዙን ይተኩሳል። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አነሳች፤ ድምጿ ረጋ ያለ፣ ምንም የማያስቸኩላት። ሲሪያል ነምበሩን ጠየቀችኝ፣ የት እንደተገዛ ጠየቀችኝ፣ ችግሩ ምንድነው አለችኝ። «አይተኩስም፣ አይከፈትም» አልኳት። ከዚያ «ጠመንጃው አንሎድድ ነው?» አለችኝ፤ ጥይት የለበትም ወይ ማለቷ ነው።

ሶ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የወጥ ቤት አማርኛ አለኝ፣ የቤተ ክርስቲያን አማርኛ አለኝ፣ የጭቅጭቅ አማርኛ ሞልቶኛል። የጠመንጃ አማርኛ ግን ማንም አላስተማረኝም። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍኩና፦

«አባዬ፣ ጠመንጃው ምንም የለውም አይደል?»

ከካውያው ቀና እንኳን ሳይል «ምንም የለውም። ከሽፏል አልኩሽ እኮ» አለኝ።

«የስ ማም» አልኳት ሴትዮዋን። «አንሎድድ ነው።»

የመመለሻ ቁጥር ሰጠችኝ፣ ፎርምና ሌብል በኢሜይል ላከችልኝ። ፎርሙ ላይ ትንሽዬ ሳጥን አለች፤ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት አረጋግጣለሁ የምትል። ራይት አደረኩባት። አባቴ ሻወር ውስጥ ስለነበር ፈረምኩም። በራሴ ስም። ማክሰኞ ጠዋት እሱ በካርቶን አሽጎ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ መኪናዬ ውስጥ አስገባልኝ። እኔ ግሬፕቫይን ከተማ ያለው የፖስታ ካምፓኒ ዲፖ ወስጄ ሰጠሁ። የካውንተሩ ሰውዬም ባዶ መሆኑን ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ ነው የሚጠይቁት ብዬ ነው የተናደድኩት። «የስ» አልኩት፣ ከነመሰላቸቴ።

የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ምሳውን ይበላል። እናቴ ጠመንጃው ከቤት በመውጣቱ ደስ ብሏት ክሎዜቱን ታጸዳለች። የጥይቱን ፓኮ በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘች አድርጋ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ይሄንንም አውጣልኝ። ደግሞ ቆጥሬዋለሁ። ሃያ ናቸው ብለህ ነው ያመጣህ፣ ሦስት ተኮስኩ ብለሃል። እዚህ ያሉት አሥራ ስድስት ናቸው። አንዷ የታለች? አልጋ ሥር ነው የጣልካት?»

«አንዷማ እዚያው ጠመንጃው ውስጥ ናት» አላት፣ እየጎረሰ።

እናቴ ቀጥ አለች። «ጎርሷል እንዴ?!»

እኔ ሳቄ መጣ። ጎረሰ ማለት ለእኔ ምግብ ነዋ። አባቴን ያለችው መስሎኝ «አዎ፣ አፉ ሙሉ ነው» አልኩ። ከዚያ የእናቴን ፊት አየሁ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

«አባዬ። ምንም የለውም አልከኝ እኮ።»

«ምንም የለውም። የከሸፈ ጥይት ምን ያደርጋል? ምንም አያደርግም።»

«እኔ እኮ ውስጡ ባዶ ነው ወይ ማለቴ ነበር!»

«ታዲያ ባዶ ነው ወይ አትይም?»

ባዶ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አውቀዋለሁ፤ ሰኞ ዕለት ግን አልመጣልኝም።

«ፈርሜ ልኬዋለሁ» አልኩት። «ጥይት የለበትም ብዬ ፈርሜ።»

«አይዞሽ፣ የሞተ ነው። ዕቃ እንደሆነ እንዲሁ ሲወረወር ነው የሚውለው። እኛ ራሳችን ሻንጣ ስንጭን...» አለና አፉ ላይ የደረሰውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ሻንጣ እንዴት እንደሚወረወር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስንት ጊዜ ሲያወራልን ስቀናል።

ወደ ፖስታ ካምፓኒው ደወልኩ። ማሽን ነው። «ሪፕሬዘንታቲቭ» እላለሁ፣ ማሽኑ «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም» ይለኛል። ከዚያ አገሬው የሚለው ስድብ ሁሉ ከአፌ ወጣ፤ እሱንም አልሰማም። የጭነት መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። ተነስተን ሄድን። አባቴ ጋቢና፣ እኔ መሪው ላይ።

መንገዱ ተዘግቶ ኤርፖርቱን መዞር ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። አንድ ልጅ፣ ዕድሜው የእኔው የሚሆን፣ ያንን ካርቶን አንስቶ ሌላ ካርቶን ላይ ሲጥለው ይታየኛል። አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ እንኳን አላውቅም። ካርቶኑ ላይ «ይሄ ወደ ላይ» ብዬ ቀስት የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ ነው የሳልኩት።

«አድራሻ ተሳስቷል በያቸው» አለኝ አባቴ።

«እ?»

«አድራሻ ተሳስቷል፣ መልሱልኝ በያቸው። ጥይት የሚባል ነገር አታንሺ። ኤርፖርት አጠገብ ነው ያለነው። ይሄን ደግሞ» አለና ባጁን ነካ አደረገ፣ «በአንድ ስልክ ነው የሚወስዱት።»

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ማለቴ፣ እኔም ይሄንኑ ነበር ሳስብ የመጣሁት፤ ቀድሞኝ ተናገረው።

ካውንተሩ ላይ የጠዋቱ ሰውዬ ነው ያለው፤ ወፍራም፣ ፂሙ ወደ ነጭነት የሄደ። ደረሰኙን ሰጠሁትና አድራሻ ተሳስቼ ነው አልኩት። ኮምፒውተሩን አየ። «ተጭኗል። ችግር የለም፣ ነገ ሌላው ዲፖ ሲደርስ አስወጥተው ይመልሱልሻል» አለኝ።

«ዛሬ አይሆንም?»

«ማም፣ ትሬለሩ ተሞልቷል። ያንቺን ለማውጣት ሁለት መቶ ዕቃ ማውረድ ነው። ለአድራሻ ብዬ አላወርድም።»

አባቴን ዞሬ አየሁት። እንግሊዝኛው ገብቶታል። በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ «ባጅህን አውልቅ» አልኩት። ከዚያ በጭንቅላቱ በኩል አወጣውና ኪሱ ከተተው። እኔም ወደ ሰውዬው ዞርኩ።

«ካርቶኑ ውስጥ ጠመንጃ አለ። ባዶ ነው ብዬህ ነበር። ባዶ አይደለም። አንድ ጥይት ውስጡ ተይዟል፣ አይከፈትም።»

የሰውዬው ፊት ምንም አልሆነም። እጁ ግን ሬዲዮውን አነሳ። መጫን አቁሙ አለ፤ ሁሉም ከትሬለሩ ይውረድ አለ። ከግድግዳው ኋላ ሲያጉረመርም የነበረው የዕቃ መጫኛ ቤልት ቆመ። ከዚያ «ያሸገው ማን ነው?» አለ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። «ሚ» አለ በእንግሊዝኛ። «አይ ኦውነር። ሺ ኦንሊ ቶክ።»

ሺ ኦንሊ ቶክ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰኞ ለአርባ ደቂቃ ሆልድ ላይ የቆየው ማን ሆኖ ነው ብዬ እጣላው ነበር።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሰውዬው ካርቶኑን ራሱ ታቅፎ ወጣ። አባቴ ሄዶ አፈሙዙ በየት በኩል እንዳለ አሳየውና ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ሕፃን እንደተኛበት አልጋ፣ ፓርኪንጉ ጥግ ሜዳው ላይ አስቀመጡት። ሰውዬው ሪፖርት መጻፍ አለብኝ አለ። የእኔን መንጃ ፈቃድ ወሰደ። የአባቴን አልጠየቀም። እስክሪብቶውን ነው የማየው፤ የእኔን ስም ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ስም የሚይዝ ቦታ ቀርቶ ነበር። አቆመ። «ሃይዌዩ ላይ የጠመንጃ ሱቅ አለ። በቀጥታ እዚያ፣ ቤት እንዳትወስዱት» አለን። አባቴን ደግሞ «ሰር፣ ጠመንጃ ውስጥ ያለ ጥይት የሞተ የሚባል የለም» አለው።

«የስ» አለ አባቴ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «ስለ ከሸፈ ጥይት እሱ ያስተምረኝ?» አለኝ።

የሱቁ ሰውዬ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ነው። ጠመንጃውን ከካርቶኑ አውጥቶ አፈሙዙን አሸዋ የሞላ በርሜል ውስጥ ከተተና ከበሩ ወጥታችሁ ቁሙ አለን። በመስታወቱ እናየዋለን። በጎማ መዶሻ መታ አደረገው። አንዴ። ትከሻዬ ጆሮዬ ደረሰ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጠመንጃው እጥፍ አለ፤ ጥይቷን በጥፍሩ ስቦ አወጣት።

ጠራን። የጥይቷ ቂጥ ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ስርጉድ ያለች ነገር አለች። የጠመንጃው መምቻ መርፌ ጥይቷን በደንብ መምታት አቅቶት ነክቷት ብቻ እዚያው ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ ያልተከፈተውም ለዚያ ነው አለ። መርፌውን በጣቱ እየነካ የፋብሪካው ጥፋት ነው፣ ዋራንቲ ይሸፍነዋል አለ። ወረቀት ጽፌ እኔው ራሴ ከዚህ እልክላችኋለሁ አለ። ይሄንን ሁሉ ለአባቴ በአማርኛ ነገርኩት፤ ጠመንጃው እንጂ ጥይቱ አይደለም የከሸፈው ብዬ።

አባቴ ጥይቷን በእጁ አገላበጣት። «ቀባጠረ» አለኝ። «ይቺ የሞተች ናት። በይው።»

ነገርኩት። ሰውዬው መነጽሩን አወረደና አየው። «ሱቁ ጀርባ መተኮሻ አለኝ» አለ። «በራሴ ጠመንጃ እሞክራታለሁ። ይምጡ።»

የጆሮ መሸፈኛ ሰጡን። ጠባብ ኮሪደር ነው፣ ጫፉ ላይ ክብ የተሳለበት ወረቀት ተሰቅሏል። ጥይቷን የራሱ ጠመንጃ ውስጥ ከተታት፣ ዘጋ፣ ትከሻው ላይ አስደገፈ። አባቴ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፣ አሁን ታያለሽ በሚል ዓይነት።

ድምፁ በመሸፈኛውም አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። ወረቀቱ ተቀደደ። ሰውዬው ቀለሁን አወጣና ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ተቀበለው፤ ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጠዋል፣ ግን አልጣለውም። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁት። ቅድም ዲፖው ውስጥ እንኳን አላላበውም ነበር።

ፓርኪንጉ ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ስድስት ጊዜ ደውላለች። አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ከሽፎ ነበር በያት» አለኝ በሹክሹክታ። «የኔ ልጅ፣ ከሽፎ ነበር በያት። ይቺ ሴት አታስተኛኝም።»

አነሳሁት።

«እህ?» አለች እናቴ። «ደረሳችሁበት? ምን ሆነ?»

አባቴ ዓይኔን ያየኛል። የሥራ ሰዓቱ አልፏል፣ ባጁ ገና ኪሱ ውስጥ ነው።

«ተተኮሰ» አልኳት።

ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ማን ላይ?» አለች።

«ወረቀት ላይ እማ። ወረቀት ላይ ነው። ማንም ላይ አይደለም።»

ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያ ቁጭ ስትል ሰማሁ።