የጋሽ ዋልተር ጾም

ትናንት ልጄ ሜሮን ለንደን፣ ኬኒንግተን ቤቴ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። እኔ ያለ መነጽር እንኳን ፎቶ የገዛ እጄንም አልለይ። መነጽሬን ፍለጋ ቤቱ ተገላበጠና ከዳቦው ዕቃ ውስጥ ተገኘ፤ እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ።

«አባዬ፣ ይሄ አንተ ነህ?»

ነኝ። አፍሮዬን ከምሬ፣ ልኬ ያልሆነ የቤዝቦል ሹራብ ለብሼ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ራስ ቆሜ ሁለት እጄን ዘርግቻለሁ። ፎቶውን የላከው ከለንደን ወጣ ብሎ ያለ አንድ የስፖርት ክለብ ነው። የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው፣ ከሥሩም «ሁሌም እንግዳ ተቀባይ ነበርን» ብሎ ሊጽፍበት ነው። በሚሰቀልበት ቀን ለምሳ ተጋብዣለሁ። ይህን ስሰማ የሻገተ ነገር የቀመስኩ መሰለኝ።

«ይሄ ሰውዬስ? ለምንድነው የማይበላው?» አለች፣ ከጠረጴዛው ዳር ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙትን ረጅም ጥቁር ሽማግሌ እያሳየችኝ።

ጋሽ ዋልተር ናቸው። አሜሪካዊ ነበሩ። ጥቁር ከነጭ ጋር በአንድ ቡድን መሰለፍ በማይፈቀድለት ዘመን፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ በሚጫወት የጥቁሮች ቤዝቦል ቡድን ውስጥ ኳስ ወርዋሪ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆነው እንግሊዝ መጡ፣ ኪልበርን ከሚባል የለንደን ሰፈር ልጅ አገቡ፣ በዚያው ቀሩ። እኛ ደግሞ እዚያው ኪልበርን አንድ ሆስቴል ውስጥ ታጭቀን ከክሮይደኑ የስደተኞች መሥሪያ ቤት የመኖሪያ ወረቀት የምንጠብቅ ጎረምሶች ነበርን። ሥራ የለ፣ ገንዘብ የለ፣ ቀኑ አልመሽ ይለናል። ፓርክ ተቀምጠን ስንፋዘዝ ያዩን ጋሽ ዋልተር አንድ ቀን ዱላና ጓንት ይዘው መጡና ተነሡ አሉን።

ዱላውን ስናይ የገና ጨዋታ መስሎን ኳሷን መሬት ለመሬት ነዳናት። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብን። ቀስ በቀስ ግን ቡድን ሆንን። እኔን የመደቡኝ ኳስ ከማይደርስበት የሜዳ ጥግ ነው፤ እዚያ ቆሜ ስለ ሴቶች አሰላስል ነበር። አንድ ጊዜ ኳሷ ተሳስታ ብትመጣብኝ ጎንበስ ብዬ አሳለፍኳት።

ፎቶው የተነሣበት፣ ከዚያ ክለብ ጋር የገጠምነው ጨዋታ የነበረው ፋሲካ አልፎ፣ በግንቦት ነው። በተከራየነው ቫን ተጣብቀን ከከተማ ወጣን። የመንገዱ ግራና ቀኝ ቁጥቋጦ ነጭ አበባ አብቦ፣ ዝናብ የጠገበው ሣር ሽታው በመስኮት ይገባል። ደረስን፣ ተጫወትን፣ አሸነፍን። በእኔ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ምሳ ተባለ። አንዲት ሴትዮ ሕንጻውን አዙራ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ወረቀት የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ስቡ የረጋበት ዶሮና ጠርዙ የደረቀ ሳንድዊች ቀርቧል። ባለቤቶቹ ወደ ውስጥ ገቡ። እንግዲህ እኛ እንዳደግንበት እንግዳ ለብቻው ይቀመጣል፣ ቀድሞ ይበላል፤ ባለቤት ከእንግዳው ጋር አይሻማም። እና ነገሩ ክብር መሰለን።

«ምን ዓይነት ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለ አስፋው፣ አገር ቤት ዲያቆን የነበረው ጓደኛዬ። «በል እንጂ፣ ከእኛ በዕድሜ ትልቁ አንተ ነህ፣ መርቅ።»

ተነሣሁ። ከጎኔ የቆሻሻ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ዝንቡ ከበርሜሉ ወደ ሳንድዊቹ ይመላለሳል። እኔ ሆዬ እጄን ዘርግቼ በዚያ በሚኮላተፍ እንግሊዝኛዬ «ቤታችሁ ይሙላ፣ ከደጃችሁ እንግዳ አይጥፋ» አልኩ። ሴትዮዋም ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ፎቶ አነሣችን።

«ጋሽ ዋልተር፣ ምነው አይበሉም?» አልኳቸው።

«ጾም ነኝ።» ጾም እንደምንጾም ያውቃሉ፤ ሁዳዴውን ሁሉ ሻያችንን ያለ ወተት ስንጠጣ አይተውናል።

አስፋው ሳቀ። «የምን ጾም? በሃምሳው እኮ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።»

«የእኔ ጾም ፋሲካ የለውም» አሉ።

ከዚያ ታሪኩን ነገሩን። አንድ የአሜሪካ ደቡብ ከተማ ሄደው ሲጫወቱ የከተማው ነጭ ሁሉ ሲያጨበጭብላቸው ዋለ። ጨዋታው ሲያልቅ መታጠቢያው ተቆለፈባቸው፤ እነሱ ከታጠቡበት ነጭ አይታጠብም ተባለ። ላባቸው እላያቸው ላይ እየደረቀ ምግብ ቤት ሄዱ። በፊት በር አይገባም ብለው በጓሮ መስኮት፣ በወረቀት ከረጢት አቀበሏቸው። ጋሽ ዋልተር ከረጢቱን ሲከፍቱ ሥጋው ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ሰው ነክሶ የተወው ነው።

«ጓደኞቼ ርቧቸው ስለነበር ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ» አሉ። «እኔ የፊት በሩን ከዘጋብኝ ቤት ጓሮ እህል ላልቀምስ ያን ቀን ማልኩ።»

አስፋው ጉንጩ እንደሞላ ሄዶ በአዳራሹ መስኮት አጮለቀ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «ትኩስ ትኩሱን ነው የሚበሉት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል።»

አፌ ውስጥ ዶሮ ነበር። ብተፋው ነውር፣ ብውጠው ነውር። ዋጥኩት፤ ርቦኝ ነበር።

አንዳንዶቻችን ሳህን ልንወረውር ስንቃጣ ጋሽ ዋልተር ከለከሉን። «ሳህናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።» በፊት በር ገባን። ሁሉም ሹካውን እንደያዘ ዞሮ አየን። ተራ በተራ ሳህናችንን ከነምግቡ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። እሳቸው «ስለ ጨዋታው እናመሰግናለን» ብቻ አሉና ወጣን። የእኔ ሳህን ግን ባዶ ነበር፤ አጥንት ብቻ። አጥንት ይዞ የተቃወመ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ።

ጋሽ ዋልተር ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። የእኔስ ይሁን፣ መርቄያለሁ፣ በልቻለሁ፤ ግድግዳ ላይ ብሰቀልም የሥራዬ ነው። የሚያቅለሸልሸኝ የክለቡ ሰዎች እሳቸውንም ከተጋበዙት መቁጠራቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙትን ሰው ሞተው ዝም ሲሉ በልተዋል ሊሏቸው ነው።

«ምን ብዬ ሪፕላይ ላድርግ?» አለች ሜሮን።

«ይስቀሉት በያቸው። ከሥሩ ግን ያ ሰውዬ ለምን እንዳልበላ ይጻፉ። ያን ጊዜ እመጣለሁ። እስከዚያ ጾም ነኝ።»

«አባዬ፣ ሃምሳ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ጻፊ።»

ጻፈች። እኔም ፍሪጁን ከፍቼ ከትናንት በስቲያ የተረፈውን ጥብስ አሞቅሁ። ምን ላድርግ፤ ጋሽ ዋልተርም ቢሆኑ ያን ቀን ኪልበርን እንደገባን ምግብ ቤት ሄደው አንድ ሙሉ ዶሮ ለብቻቸው ጨርሰዋል። በፊት በር ገብተው፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያያቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው።