የምትመለሰዋ ሮኬት

ትናንት ፒያሳ ርችት ሲተኮስ የባሩዱ ሽታ በልጅነቴ ወደማውቀው የአዘዞ ሜዳ መለሰኝ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ፈረንጁ የሳይንስ መምህራችን ከካርቶን የሠሯቸው ብዙ ሮኬቶች ቢኖሯቸውም ሁልጊዜ የሚያስወነጭፉት ቀይዋን ነበር። ተፈትልካ ትወጣለች፤ ከዚያ በጨርቅ ጃንጥላዋ ተንሳፋ ትወርዳለች።

አንድ ቀን ቄስ አባቴ መጥተው አዩና «ምነው ያችኑ ብቻ?» አሏቸው።

«እሷ ሁልጊዜ ትመለሳለች» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ሮኬቷን ከወደቀችበት አንስተው የያዙትን ጠበል እስክትላሽቅ አርከፈከፉባት።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «በጠላት ጊዜም መጀመሪያ የመጣችው አንዲት አውሮፕላን ነበረች» አሉኝ። «ዞራ አየችንና ተመለሰች። ሌሎቹ የመጡት በማግሥቱ ነው።»

ያኔ በቅጡ አልገባኝም። ትናንት ግን ሰው ሁሉ ርችቱ ሲወጣ እያየ ሲያጨበጭብ፣ እኔ የሚመለስ እንዳለ ለማየት ሰማዩን ስጠብቅ ቆየሁ።