በአለቱ ስብራት ላይ ስሕተት ስፈልግ

ነዳጅ ፈላጊው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር እስኪገባ ድረስ የከርሰ ምድሩን ካርታ በቀለምና በማስመሪያ የምሥለው እኔ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ መስመሬ ሲደነቅ ልቤ ያብጥ ነበር። ማሽኑ መጣና ከፊቱ የተቀመጠችው የጉለሌዋ ጎረቤቴ ልጅ ሆነች፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ጳውሎስ ጋ አንድ ሰርቪስ እንሳፈራለን፤ ቀድማ ገብታ ቦታ ትይዝልኛለች። በዚያም እናደድ ነበር።

አንድ ቀን፣ ውጭ አገር የኮምፒውተር ሥልጠና ለአንድ ሰው ተገኘ። የታጨነው እኔና እሷ ነን። አለቃችን ማሽኑ ያወጣውን የመጀመሪያ ካርታ ሰጡኝና፣ «ጓድ፣ ካንቺ ዓይን የሚያመልጥ የለም። ከእጅ ሥራሽ ጋር አስተያዪው፤ ሰኞ እንወስናለን» አሉኝ።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ጠርዙ የተበሳሳውን ረጅም ወረቀት አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት። የማሽኑን ድክመት አውቃለሁ፤ አለቱ የት እንደተሰበረ ነጥብ በነጥብ ካልተነገረው፣ የቆመውንና የሰመጠውን ወገን ደረጃ ላይ እንደተጣለ ጋቢ አንድ ላይ አልብሶ ያልፋል። ነዳጁ ደግሞ ታግዶ ሊጠራቀም የሚችለው እዚያው ስብራት ላይ ነው። አንዲት ቦታ እንኳ ረስታ ይሆናል ብዬ ማስመሪያዬን አነሣሁ።

ስብራቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩት። መስመሮቹ እዚያ ሲደርሱ ቁርጥ ይላሉ፤ ማዶ ዝቅ ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ስብራቱ ለሁለት በሚከፈልበት፣ እኔ ስሥልና ስፍቅ ወረቀት በቀደድኩበት ቦታ እንኳ፣ እሷ ጥርት አድርጋ አውጥታዋለች። ምናለ አንዲቷን ብትስት!

ሰኞ ጠዋት በያዘችልኝ ቦታ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ አገኙ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ይተዉ እንጂ! ሲፈልጉ የዋሉትን ነዋ። እማዬ በመስኮት አይታዎት፣ ‹ዛሬስ ወረቀቱን በዓይኗ ልታነድደው ነው› ስትል ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «ካርታሽ ልክ ነው» አልኳት።

«እውነት? እርስዎ ያዩታል ብዬ እኮ ስንቴ ደጋገምኩት!»

ለአለቃችንም ያንኑ ነገርኳቸው፤ ልክ ነገር ልክ ነው፣ በቃ። እሷ ተመረጠች።

በሳምንቱ ሰርቪስ ውስጥ ሁለት የፓስፖርት ፎቶ አውጥታ፣ «የቱ ይሻላል፣ እትዬ?» አለችኝ።

አገላብጬ አየኋቸውና ያላማረባትን መረጥኩላት።