ለባባ የተገዛው ባለ ሦስት እግር

ዓረብ አገር፣ ጁሜይራ ሰፈር በምሠራበት ቤት የአሠሪዬ የማዳም አባት አብረውን ይኖራሉ። ሁላችንም ባባ እንላቸዋለን። በጣም ረጅም፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲሰለቻቸው ማዳም የወፍ ማያ መነጽር ገዛችላቸው፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት፣ የውሃ ኮዳ የሚያህል። ለእኔም ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ፣ ተጨመረልኝ፦ ጠዋት ጠዋት ባባን ፍላሚንጎዎች ወደሚሰፍሩበት ረግረግ ማጀብ።

በመጀመሪያው ቀን መነጽሩን በእጃቸው ይዘው አዩ።

"ወፎቹ ለምንድን ነው የሚንቀጠቀጡት?" አሉኝ።

ተቀብዬ አየሁ። ዋላሂ፣ ሁሉም ወባ እንደያዘው ሰው ይርገፈገፋሉ። አጠገባችን የቆመው ጥበቃ ግን "የሚንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ትራይፖድ ግዙለት" አለን።

ካራማ ገበያ ሄደን አንድ የካሜራ ሱቅ ገባን። ሻጩ ሁለት አወጣልን፤ አንዱ እግሩ ወፍራምና ከባድ፣ ሌላው ብብት ውስጥ የሚገባ ቀጭን። ባባ ከባዱን አነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህን ማን ይሸከማል?"

"እኔ ነኛ፣ ባባ።"

"ኸላስ፣ በቃ፣ ቀላሉን ስጠን።"

"እሱ ለስልክ ነው፤ ይህን መነጽር አይችልም" ብሎ ሻጩ ቢነግራቸውም "የዚችን ልጅ ወገብ አላሰብርም" ብለው ዘጉት። እዚያ ቤት ስለ ወገቤ ያነሣ ሰው ስላልነበረ ቀላሉን ፈጥኜ ብብቴ ሥር ከተትኩት።

በማግሥቱ ረግረጉ ዳር ዘረጋነው። እግሮቹ አጭር ስለሆኑ ባባ መርፌ የጠፋበት ሰው መስለው ጎነበሱ። ሲደክማቸው የመሀሉን ዘንግ ወደ ላይ እስከ ጫፉ ሳቡት። ነፋሱ መጣና ያወዛውዘው ጀመር።

"ልጄ፣ እግሮቹን ያዢልኝ።"

መሬት ቁጭ ብዬ ሦስቱንም አቀፍኳቸው።

"ተሻለ። ግን አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል።"

"እየተነፈስኩ ነው፣ ባባ።"

"ትንሽ ተይው።"

ትንፋሼን ዋጥኩ። ወፍ ሊያዩ የመጡ ቱሪስቶች ካሜራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ይህን ጊዜ ማስነጠስ መጣብኝ። ትራይፖዱ በአንድ ጎን ወደቀ፣ መነጽሩ በአፍጢሙ ጭቃው ውስጥ ገባ። ቪዛዬ እዚያው ያበቃለት መሰለኝ። ባባ ጭቃውን ትክ ብለው አዩና "ሙሽኪላ የለም፣ ምን ችግር አለው፤ ወፎቹስ የሚውሉት እዚያው አይደል?" አሉ።

ደግነቱ መነጽሩ ታጥቦ ዳነ። ካራማ ስንመለስ እኔ ቀድሜ ከባዱን ትከሻዬ ላይ አደረግሁት።

"ባባ፣ የማዳምን ምንጣፎች ከፎቅ የማወርደው እኔ ነኝ። ይሄ ምን አለው?"

ሻጩ ደስ ብሎት አሠራሩን አሳየን። "መጀመሪያ የእግሩን ወፍራም ክፍል ዘርጉ፤ ቀጭኑን ካልበቃችሁ ብቻ። የመሀሉን ዘንግ ግን አትንኩት፤ እሱ ከወጣ ሦስት እግር መሆኑ ቀርቶ በአንድ እግር እንደቆመ ይሆናል።"

ረግረጉ ተመልሰን እንዳለው አደረግን። ባባ ዓይናቸውን አስጠግተው በዚያው ሲቀሩ የታመሙ መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ "ነይ፣ እዪ" አሉኝ። ማያው ከራሴ በላይ ነው። እግሮቹን ሳሳጥር ወፎቹ ተነሡ፤ ለባባ ስናስረዝም ደግሞ ሌሎች መጥተው ሄዱ። በመጨረሻ ባባ ትንሽ ሊያጎነብሱ፣ እኔ ይዘነው የመጣነው የምሳ ካርቶን ሳጥን ላይ ልቆም ተስማማን።

ወጥቼ አየሁ። አንዷ ፍላሚንጎ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ከመንቆሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ በቢጫ ዓይኗ እኔን የምታየኝ ይመስላል። ቅንጣት አትነቃነቅም። ባባ ተራቸውን እየጠበቁ "ያላ፣ ቶሎ በይ" ሳይሉኝ ቆሙ።

ምሳ ስንቀርብ የቆምኩበት ሳጥን ውስጥ ዳቦው እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ አገኘነው። ባባ በላጩን ግማሽ ወደ እኔ ገፉት።