እስከ ታች ያላነበብኩት ጽሑፍ

ይህ ከገጠመኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። እማዬ ስታርፍ ሊያጽናኑኝ የመጡት ሁሉ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለውኛል። እኔ ግን የራሴን ድርሻ ስለማውቅ ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ በጉምሩክ ትራንዚተርነት ነው። እንጀራዬ ወረቀት ማንበብ ነው። አንድ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ፣ እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ ስለማልፈርም ባልደረቦቼ «አንተ እኮ አራት ነጥቡንም ታነባለህ» እያሉ ያሾፉብኛል። እማዬ ደግሞ በዚሁ ነገሬ ትኮራ ነበር።

የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲታወቅ ሐረር እየተመላለሰች ኬሞ ጀመረች። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ፀጉሯ አለቀ፤ ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ስልኬ ላይ መፍትሔ ፍለጋ ገባሁ። ከእንጉዳይ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የካንሰር ሴሎችን ይገድላሉ የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። በደስታ የምሆነው ጠፋኝ። ግማሹ ላይ እንደደረስኩ ተነስቼ እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ሄድኩ።

ከውጭ የሚገባውን የእንጉዳይ ዱቄት የምትሸጠው ፋጡማ የምትባል ሶማሌ ነጋዴ ነበረች። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት ዕቃውን ከእጄ መልሳ ወሰደችው።

«ወላሂ፣ መድኃኒት ነው ብዬ አልሸጥልህም! ሐኪሟን ጠይቅ አቦ!»

ለምኜ ወሰድኩት። ሐኪሟን ግን አልጠየቅኩም።

የሦስተኛው ዙር ቀን እማዬ ጫማዋን አድርጋ ጠበቀችኝ። «ሐረር አንሄድም እንዴ?» አለችኝ።

«ይሄኛው ይሻልሻል፤ አንብቤዋለሁ።»

«አንተ ካነበብከውማ በቃ» ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ጠዋት ማታ እያፈላሁ ሦስት ወር አጠጣኋት። መራራ ነው፤ እሷ ግን ፊቷን ሳታጨማድድ ትጨልጠው ነበር። ኬሞው ስለቀረ ምግብ ቀመስ ማድረግ ጀመረች፤ እኔም ዳነች ብዬ ፈነጠዝኩ። ቆይቶ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐረር ስንመለስ ሐኪሙ ካንሰሩ ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል አለን።

አላመንኩም። ልከራከር ብዬ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ኮሪደር ላይ አስቁሜ ያንን ጽሑፍ ከስልኬ አሳየኋት። በጣቷ ወደ ታች ወርዳ የመጨረሻውን አንቀጽ አነበበችልኝ። ሙከራው የተደረገው ላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ ሴሎች ላይ ነው፤ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም፤ ሕክምናን አይተካም ይላል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ አልተቆጣችኝም። «እዚህ ድረስ የሚያነብ ጥቂት ነው፣ ወንድሜ» ብላ አልቅሼ እስኪወጣልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። በማግስቱ ቤታችን ሆና «ዛሬ አላፈላህልኝም?» አለችኝ።

«አይጠቅምሽም እኮ እማዬ።»

«አውቃለሁ። አንተ እንዳትሰበርብኝ ነው፤ አምጣው።»

ዓይን ዓይኔን እያየች ጠጥታ ጨረሰችው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላት አረፈች።

እንጉዳዩን አልረግምም፤ የተማሩት አንድ ቀን መድኃኒት ያወጡበት ይሆናል። ኬሞው ያድናት ነበር ወይ ብትሉኝ እሱንም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እማዬ ለመሄድ ጫማዋን አድርጋ ነበር። ያስወለቅኳት እኔ ነኝ።