የታጠበ እጅ

የክልሉ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሆድ ሲከፍትና ሲሰፋ የኖረ ሐኪም ነበር። ወደ ፖለቲካ የገባው በክር ሰበብ ነው። ሆስፒታሉ የመስፊያ ክር ሲያልቅበት ጤና ቢሮ ሄዶ ጠረጴዛ ደበደበ። "ከምትጮህ አንተው ናና ሥራው!" አሉት። "እስቲ ለአንድ ዓመት" ብሎ ገባ። ያቺ አንድ ዓመት ዘጠኝ ወለደች።

ክሩ ከዚያ ወዲህ አልቆ አያውቅም። እሱ ግን ቢሮው ብቻውን ሲቀር በመሳቢያው እጀታ ላይ ክር ጠምጥሞ የቀዶ ጥገና ቋጠሮ ይለማመዳል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጁ ናት፤ እሷም ከሩቅ ትደውልና "አባዬ፣ በዜና አየሁህ፤ ከስተሃል" ትለዋለች። ሌላው ሰው ሁሉ "አምሮብዎታል" ነው የሚለው።

አንድ ቀን ለቀድሞ ተማሪው፣ ለዛሬው የቀዶ ጥገና ኃላፊ ደወለ።

"አንድ ቀላል የቡአ ቀዶ ጥገና ስጠኝ። ፈቃዴን አሳድሻለሁ፤ አንተም አጠገቤ ትቆማለህ። እጄ ከድቶኝ እንደሆነ ልወቀው።"

ሐሙስ ጠዋት ሄደ። የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ ያችው የድሮዋ "መርፌዋ" ነበረች፤ ምላሷ ስለሚዋጋ የወጣላት ስም ነው። ድሮ የታጠበ እጁን ትንሽ ዝቅ ካደረገ ጣቱን በመቆንጠጫ ኳ! አድርጋ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ተመለስና ታጠብ! የእናትህ ጓዳ መሰለህ?" ትለው ነበር። ዛሬ ጎንበስ ብላ "እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡርነትዎ" አለችው።

እስከ ክርኑ በብሩሽ ፈትጎ ታጠበ። እጆቹን ወደ ላይ ይዞ በሩን በጀርባው ገፍቶ ገባ። ገላው አልረሳም፤ ደስ አለው። ታካሚው ሽማግሌ የደነዘዙት ከወገባቸው በታች ብቻ ስለነበር ገና ሲያዩት አወቁትና እጃቸውን ዘረጉ።

"የኔ ጌታ! እርስዎ ራስዎ?"

በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ጨበጣቸው። "እንዴት ነዎት አባቴ? ቤተሰብ ደህና?"

ተማሪው ቀና ብሎ መብራቱን አየ። ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ ማሽኑ ላይ አቀረቀረ። መርፌዋ የጨበጠ እጁን አየች፤ ቀጥላ ወለሉን። ከዚያ የጓንቱን አፍ ከፍታ ዘረጋችለት።

ያኔ ነቃ፤ ምንም መንካት የሌለበትን የታጠበ እጁን ነው የሰጠው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ዘጠኝ ዓመት የተዘረጋለትን ሁሉ ሲጨብጥ የኖረ እጅ! ኳ! እስክትለው ጠበቀ። ጓንቱ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ተመልሶ ቢታጠብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን የሽማግሌው ሆድ ከተከፈተ በኋላ ቢሳሳትስ? ከእነዚህ መካከል ማን አፍ አውጥቶ ይነግረዋል?

"አንተ ሥራው" አለው ተማሪውን። ወደ ሽማግሌው ዞሮም፣ "አባቴ፣ ከእኔ የተሻለ እጅ አለልዎ" ብሏቸው ወጣ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። መርፌዋ ብቅ አለች።

"በደህና አልቋል፣ ክቡርነትዎ።"

"አይተሽኝ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?"

ጭንብሏን ዝቅ አደረገች። "ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ።"

"ድሮስ ሦስት አልነበሩሽም እንዴ?" ሊስቅ ሞከረ።

"ነበሩኝ። ድሮ ግን እርስዎ ዶክተር ነበሩ።"

እንድትቀመጥ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እሷ ግን ወጣችና በሩን ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ድሮ ስታላትመው የኖረችውን በር።