የክትባቱ ጠባሳ

በዚያ ቀን በእስር ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የስምንት ወር ልጄ፣ ከፃግብጂ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ሁለት እህትማማቾች፣ እንዲሁም የጤና ጣቢያ ካርድ ጸሐፊ ነኝ ያለችን የደሃና ሴት ነን። ከበሩ ውጭ ጠባቂው ነበር።

እኔን ሰቆጣ ላይ የያዙኝ ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት ነው። ልጄን አዝዬ ገባሁ። ክፍሉ ቀድሞ መጋዘን ነበርና የማሽላ አቧራ ይሸታል። መስኮቱ ከራሴ በላይ ነው።

ልጄን ትኩሳት ከያዛት ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ሽሮፕ አላበረደላትም። ከንፈሯ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል። አሮጊቷ ምች ነው አሉ፤ እኔም ምች ነው ብዬ ነበር። እናቴ ከስንቅ ጋር ዳማከሴ ላከችልኝ። ጠዋት ቅጠሉን አሽቼ ግንባሯንና ክንዶቿን ቀባኋት።

ረፋድ ላይ ልብሷን ስቀይር ቀኝ ክንዷ ላይ የክትባቱ ጠባሳ ቀልቶ አብጦ አየሁ። ቅጠሉ አቃጠላት ብዬ ደነገጥኩ። በገዛ እጄ የጎዳኋት መሰለኝ። ካርድ ጸሐፊዋ ተጠግታ የልጄን ዓይን ገለጥ አድርጋ አየች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ዓይናር ግን የለውም።

«የቀባሻት ቀኙን ብቻ ነው?»

«ሁለቱንም።»

«ታዲያ ግራው ለምን አልቀላም?»

አሮጊቷ ሳቁ። «ምች ካርድ አውጥቶ አይመጣም፣ ልጄ። አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?»

እሷ አልሳቀችም። ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«እኔ ካርድ ክፍል አልነበርኩም» አለች ቀስ ብላ። «ነርስ ነኝ።»

የተያዘችው ቁስለኛ አክመሻል ተብላ ነው። በየምርመራው ከካርድ በቀር የነካሁት የለም እያለች ነበር የከረመችው።

ካዋሳኪ የሚባል በሽታ ጠርጥራ ነበር። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። በትልልቆቹ ልጆች ላይ ሽፍታውም፣ የእጅና የእግር እብጠቱም ይታያል፤ በጨቅላ ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ አይሟላም፣ ስለዚህ ይታለፋል አለችኝ። ያስጠረጠራት ልጄ የተከተበችበት ቦታ ብቻውን መቅላቱ ነው። ከዘገየ የልብን ደም ስሮች ይጎዳል፤ መድኃኒቱ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ነው።

ጠባቂውን ጠራን። ሐኪም ሰኞ ይመጣል አለ። ዓርብ ነበር። ነርሷ፣ ልጅቷ ሰኞን አትጠብቅም አለችውና አለቃውን ጠራ። አለቃው የጤና ባለሙያ ጽፎ ካልፈረመ አላስወጣም አለ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞር ብሎ፣ አንቺ ካርድ ጸሐፊ አይደለሽም ወይ አላት።

ተይው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጄን አቅፌ ወለሉን አየሁ።

«ወረቀት ይስጡኝ» አለች።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማ ጻፈች። ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ ክንዷን ጻፈች። ከታች ሲስተር ብላ ስሟን ከነአባቷ ሞላችና ፈረመች። አሮጊቷ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ፤ የራሳቸውን ምንጣፍ አነጠፉላት።

«ሲስተር፣ እዚህ ይቀመጡ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ በጠባቂ ታጅበን ወጣን። ሆስፒታል የልጄን ልብ በመሣሪያ ያየው ሐኪም፣ ይህን የጻፈችው ልክ ናት አለኝ። መድኃኒቱ በደም ስሯ ተሰጣት። በሳምንቱ የጣቶቿ ጫፍ ተላላጠ፤ ይህም የበሽታው ምልክት ነው አሉኝ።

ልጄ አሁን ትሮጣለች። በየጊዜው ልቧን ያዩላታል። እኔ ግን ትኩሳት በነካት ቁጥር መጀመሪያ የማየው ቀኝ ክንዷን ነው።

ከተፈታሁ በኋላ ስንቅ ይዤላት ሄድኩ። እዚያ የለችም አሉኝ፤ ወዴት እንደወሰዷት የነገረኝ የለም። እንዳይጎዳት ብዬ ስሟን እዚህ አልጠራም፤ የደሃና ሰው ናት፤ አጠር ያለች፣ በግራ እጇ የምትጽፍ። ያለችበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።